መብራት ጎተራ የለውም

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬም የምቀዳው ከኮምቦልቻ ነው። እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ወሬው ወዲያ ወዲህ ካለባችሁ ታገሱኝ።

ሰሞኑን ኤንሮን ስለሚባለው የአሜሪካ የጋዝና የመብራት ኩባንያ ሳነብ ከረምኩ። ስሙን የሰማ ሰው ወዲያው የሚያስታውሰው የሒሳብ ማጭበርበሩን ነው። ዕዳ ደበቁ፣ ትርፍ ፈጠሩ፣ በዲሴምበር 2001 ከሰሩ፣ አለቀ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ አትደናገሩ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላኛው ክፍል ነው፣ ጋዝና መብራት እየገዛ የሚሸጠው። እሱ የወረቀት ተረት አልነበረም። እውነተኛ ንግድ ነው፣ ገንዘብም ያመጣ ነበር። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ነገሩ በጋዝ ይጀምራል። ኤንሮን በ1985 ሁለት የጋዝ ቧንቧ ኩባንያዎች ተዋህደው የተፈጠረ ነው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቴክሳስ፣ ሂውስተን። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋን ከመቆጣጠር እጁን እያወጣ ስለነበር ዋጋው ዛሬ ይሰቀላል ነገ ይወርዳል፣ ጋዝ የሚያወጣውም ጋዝ የሚያነደውም የከርሞውን ሳያውቅ ያድራል። ያኔ ጄፍሪ ስኪሊንግ የሚባል አማካሪ «የጋዝ ባንክ» የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። ከአምራቹ ለዓመታት ግዛ፣ ለተጠቃሚው ለዓመታት በቁርጥ ዋጋ ሽጥ፣ ልዩነቷን ያዝ።

ይሄ ለደሴ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሰኞ ገበያ ያለ እህል ነጋዴ ሐምሌ ላይ ገበሬው እጁ ሲያጥረው የጥሩን ጤፍ ዛሬ ይገዛዋል። ገበሬው በርካሽ ይሸጣል፣ ግን እፎይ ይላል። ነጋዴው ጎተራ አለው፣ ይጠብቃል። ዋጋ ከወደቀ ይከስራል፣ ከወጣ ያተርፋል። እኔ ነጋዴ አልጠላም፣ ወሎ ተወልዶ ነጋዴ መጥላትስ እንዴት ይሆናል?

ጋዝም እንደ ጤፉ ይቀመጣል፣ ከመሬት በታች ተከማችቶ የፈረንጆቹ የብርድ ወራት ይጠበቅበታል። መብራት ግን ጎተራ የለውም። የመነጨው እዚያው በዚያው መበላት አለበት። እስቲ አስቡት፣ ከተማው 100 ይፈልጋል፣ ያለው 99 ነው። ያቺን የመጨረሻዋን አንዷን የያዘ ሰው የፈለገውን ዋጋ ይጠራል። እና ደግሞ በዚህ ዓይነት ገበያ ያቺ ዋጋ ለ99ኞቹም ነው የምትከፈለው። ስለዚህ ብልጥ ነጋዴ ብዙ መሸጥ አያስፈልገውም። ትንሽ ማሳጠር ይበቃዋል።

ካሊፎርኒያ ላይ የሆነው ይሄው ነው። ግዛቲቱ በ1998 የመብራት ገበያዋን ከፈተች። አከፋፋዮቹ አብዛኛውን መብራት ከዕለታዊው ገበያ እንዲገዙ ተገደዱ፣ ለነዋሪው የሚሸጡበት ዋጋ ግን ታስሮ ቀረ። በውድ ገዝቶ በርካሽ መሸጥ ማለት ነው። ይህን ያወጣ ሰው ገበያ ወጥቶ ያውቃል? በ2000 የሙቀት ወራት ዋጋው ሰማይ ነካ። እርግጥ ድርቅ ነበር፣ ጋዝም ተወዶ ነበር፣ ማመንጫም አንሶ ነበር። የኤንሮን ነጋዴዎች ግን ፖርትላንድ ቁጭ ብለው እሳቱ ላይ ላምባ ጨመሩ። የካሊፎርኒያን መብራት በተተመነው ጣሪያ ዋጋ ገዝተው ከግዛቲቱ ያስወጡታል፣ ከዚያ ጣሪያው የማይነካው ከውጭ የመጣ መብራት አስመስለው ከጣሪያው በላይ መልሰው ይሸጡላታል። ለዚህ ሁሉ ዘዴያቸው የቁልምጫ ስም ነበራቸው። አንዱን «የሞት ኮከብ» ብለውታል፣ ፊልም ላይ ካለ ዓለም አጥፊ መሣሪያ ወስደው። ሥራቸውን ያውቁታል ማለት ነው።

እኔን ቁጭ ብድግ ያሰኘኝ ግን አንድ የስልክ ንግግር ነው። ጃንዋሪ 2001 ላይ አንድ ነጋዴ ላስ ቬጋስ ላለ ማመንጫ ደውሎ፣ ነገ አንድ ሰበብ ፍጠሩና አቁሙልን ይላል። ሰውዬውም እሺ ይላል። አለቀ። በማግስቱ፣ ጃንዋሪ 17፣ ሰሜን ካሊፎርኒያ በፈረቃ ጨለመች።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ እዚሁ ሰፈር ያለ በያጅ ወንድማችን ነው። ትልልቆቹ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢቸግራቸው ጄኔሬተር ያስነሳሉ። እሱ የለውም። መብራት የሄደ ቀን የአልጋው ራስጌ ያለችውን አምፖል ማብሪያ ሳያጠፋ ይተኛል። መብራቱ ሲመጣ አምፖሏ ትቀሰቅሰዋለች፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ይሁን ተነስቶ የበር ፍሬሙን ይጨርሳል፣ እኛም በግራይንደሩ ጩኸት አብረነው እንነቃለን። ጎረቤት ያጉረመርማል፣ ግን ማንም አይናገረውም። እንግዲህ አንድ ሰው የዚህን ልጅ አምፖል ሆን ብሎ በስልክ አጥፍቶ ጉርሻ ቢቀበልበት ብላችሁ አስቡት።

አብሽሩ፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ዓይነት ገበያ ገና የለም። ኢትዮጵያ መብራት የምትሸጠው በውል ነው። ለጅቡቲ፣ ለሱዳን፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ለኬንያ። የኬንያው የ25 ዓመት ውል ነው፣ በኪሎዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም። አሰልቺ ውል ነው። አሰልቺነቱ ደስ ይለኛል፣ ማንም ሰው ማታ ደውሎ ሊያሞቀው አይችልም።

ግን በዚሁ አይቀርም። አዲስ አበባ የተቀመጠው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት፣ የአካባቢው አገሮች የመብራት ማኅበር ማለት ነው፣ አገሮቹ የነገን መብራት ዛሬ የሚገበያዩበት የጋራ ገበያ እያዘጋጀ ነው። እና እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። መብራት ጎተራ የለውም አልኩ አይደል? ግድብ ግን አለ። ውሃውን ከያዝከው መብራቱን ያዝከው ማለት ነው። ሕዳሴ 5,150 ሜጋዋት ነው፣ ከኋላው ደግሞ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በዚህ ገበያ ውስጥ እኛ የካሊፎርኒያን ወንበር ይዘን የምንሰጋ ይመስለን ይሆናል። ኧረ የለም! ናይሮቢ ማታ 1 ሰዓት ላይ አንዲት ሜጋዋት ስትጎድላት የመጨረሻዋን የምንይዘው እኛ ነን። ተርባይኑ ጋ የሚደወለውም ለእኛ ሰው ነው።

ደግሞ ያ የኤንሮን ስልክ እንዴት እንደወጣ ታውቃላችሁ? ዋሽንግተን ግዛት ስኖሆሚሽ የሚባል አካባቢ ያለ የሕዝብ መብራት ድርጅት ከኤንሮን ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ። ኤንሮን ከስሮም አላፈረ፣ ውል አፍርሳችኋልና ክፈሉኝ ብሎ ጠየቃቸው። እነሱም እልህ ይዟቸው የነጋዴዎቹን የስልክ ቅጂ ከመንግሥት ተቀብለው ቁጭ ብለው አዳመጡት። ነጋዴዎቹ ስልካቸው እንደሚቀዳ ያውቁ ነበር እኮ! ግን የሚሰማቸው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ እኔን የሚጠይቀኝ ካለ የጋራ ገበያው ሳይከፈት ሁለት ነገር ይጻፍ እላለሁ። ተርባይን አቁሙ የሚል ስልክ ሁሉ ይቀዳ። የቆመበትም ምክንያት በማግስቱ፣ ገዢውም እዚህ ያለው በያጅም በሚያየው ቦታ፣ ከነሰዓቱ ይለጠፍ። ሌላውን የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ነጋዴው ራሱ ይወቀው።