ባቲን መቁጠር ሒሳብ አይደለም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የተቀናጀ ሥርዓተ ትምህርትን እናንሳ፤ መምህራን በየግል ሳይሆን እንደ ትምህርት ቤት አብረው የሚያቅዱበትን።

ወሎ ላይ ስንሆን መጀመሪያ የሚያምረን ቅኝት ነው። ባቲና አምባሰል በአገራችን ስም የሚጠሩ ናቸውና "ጭብጡ ቅኝት ይሁን፣ ሁሉም ከዚያ ያስተምር" እንላለን። የሥነ ጥበብ መምህሩ ደስ ይለዋል። የሒሳቡስ? አንድ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው ብሎ በአራት ሊያባዛ ነው? ይኼ ለ5ኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ አይደለም፣ ማስመሰል ነው። ለእኔ ማቀናጀት ማለት አንዱ ትምህርት ሌላው በሚፈልገው ሳምንት መድረሱ ነው።

እንዴት ይደርሳል? ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከመስከረም እስከ ሰኔ ያሉትን ወራት ግድግዳ ላይ አስምሩ። እያንዳንዱ መምህር የዓመታዊ ዕቅዱን ምዕራፎች በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በየወሩ ሥር ይለጥፍ፤ ቀለሙ እንደየትምህርቱ ይለያይ። ያኔ ጉዱ ይወጣል። ለምሳሌ የአፈር መሸርሸር የካቲት ላይ ተለጥፎ መቶኛ ሚያዝያ ላይ ይገኛል። የካቲት ገበሬው ለእርከን ሥራ የሚወጣበት ነውና የአፈሩ ምዕራፍ ከቦታው አይነሳም፤ ተዳፋት የሚነገረው በመቶኛ ስለሆነ መቶኛ ወደሱ ይምጣ። ክፍልፋይና አስርዮሽ ግን ቀድመው ያልቁ፤ እነሱን ዘሎ መቶኛን ማምጣት ልጁን ገደል መክተት ነው።

ከዚያ ወጥቶ ተዳፋት መለካት። የሚያስፈልገው 10 ሜትር ገመድ፣ በሴንቲሜትር የተሠመሩ ሁለት እኩል ዘንጎች፣ አንድ ውሃ ልክ። ውሃ ልኩ ልክ ገመዱ መሐል ላይ ይንጠልጠል፤ ወደ ጫፍ ከተጠጋ ገመዱ ስለሚረግብ ይዋሻል። ገመዱ በሁለቱ ዘንጎች መሐል ተወጥሮ ሲስተካከል የዘንጎቹ ንባብ ልዩነት 1 ሜትር ከ50 ከሆነ ተዳፋቱ 15 በመቶ ነው። በ40 ደቂቃ አያልቅም፤ ገና ገመድ ሲዘረጋ ደወል ይደወላል። ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ፕሮግራም ሲወጣ ይያዝ። በፈረቃ ለምትሠሩ፣ የመጨረሻው ሰዓት ላይ አታድርጉት፤ ተረካቢው ፈረቃ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ምዘናው ላይ ነው። ሥራው አንድ ቢሆንም ሮስተሩ፣ ማለትም የውጤት መመዝገቢያው፣ በየትምህርቱ ነው። የአማርኛው መምህር ልጆቹ ስለ ልኬቱ የሚጽፉትን ዘገባ አጻጻፍ፣ የሒሳቡ ስሌቱን፣ ለየብቻ ያርሙ። ፊደል ስለሳተ ከመቶኛ ነጥብ የተቀነሰበት ልጅ ወላጅ መጥቶ ቢጠይቅ ምን ይባላል?

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ክፍል፣ ሦስት ትምህርት፣ አራት ሳምንት ይበቃል። 8ኛን ተዉት፤ ክልላዊ ፈተና ስላለበት ምዕራፍ ማንቀሳቀስ ያስፈራል። እንግሊዝኛ ካልገጠመ ይቅር፣ መቀያየም የለም። የጋራ ማቀጃ ሰዓት ግን፣ በሳምንት 40 ደቂቃ፣ ፕሮግራሙ ላይ ካልተጻፈ "ሻይ ላይ እንነጋገራለን" እየተባለ ይቀራል። ግድግዳው ላይ ያለውንም ገልብጣችሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ያለዚያ የሒሳቡ መምህር የተዛወረ ዕለት ተተኪው መቶኛን ሚያዝያ ላይ ይመልሳታል።