ማታ ስንት ነርስ አለ?

ጤና ይስጥልኝ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከኮዬ ፈጬም ከቱሉ ዲምቱም ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ግንቦት 4 የነርሶች ቀን ነው። በዚህ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ኬክ ይቆረስና «ነጭ ለባሽ መላእክት» እንባላለን። ደስ ይላል። መልአክ ግን እንቅልፍ አያስፈልገውም፣ እኛን ያስፈልገናል።

እዚህ ሰፈር ሰው ሲታመም ቤተሰብ ምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ዶክተሩ ማነው? ሲቲ ስካን አላቸው? ማስያዣው ስንት ነው? «ማታ ስንት ነርስ አለ?» ያለኝ ሰው ግን በዘጠኝ ዓመት ሥራዬ አልገጠመኝም።

ሐኪሙ ጠዋት ዞሮ ያያል፣ ያዛል፣ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ግፊት ሲወርድ፣ ቁስል ሲደማ ቀድሞ ማየት ያለበት ነርስ ነው። መነሣት የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ጀርባው ይቆስላል። ይህን ሁሉ ለማድረግ አልጋው አጠገብ መድረስ ያስፈልጋል።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። 18 ታካሚ፣ ሁለት ነርስ ነበርን። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ታካሚ ሪፈር ተባለና ባልደረባዬ አምቡላንስ ውስጥ ገባች። ብቻዬን ቀረሁ። አንዱ ጋ ግሉኮስ አልቋል፣ አንዷ ታስመልሳለች፣ ኮሪደሩ ላይ አስታማሚ «ሲስተር! ሲስተር!» ይላል። ሴፍትሪያክሶን የሚባል የኢንፌክሽን መድኃኒት በመርፌ ይዤ ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ ስማቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት እናቶች ተኝተዋል። መርፌውን የአንደኛዋ እናት ደም ሥር ላይ በተሰካው ቱቦ ላስገባ ስል የእሷ ልጅ፣ «ሲስተር፣ ለእማዬ እኮ መርፌ አልታዘዘም» አለችኝ።

እጄ ተንቀጠቀጠ። መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት የምናጣራቸው አምስት ነገሮች አሉ፦ ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት። በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ተማሪም አስተምሬበታለሁ። ያን ሌሊት ያዳነን የልጅቷ አለመተኛት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ለሁለት ነርስ 18 አልጋ የመደበው ግን እኔ አይደለሁም።

የግል ሆስፒታል ባለቤቶችን ስናናግር መልሱ «ወጪ» ነው። ትርፍ ነውር ነው አላልኩም፤ ኪራይም ጄኔሬተርም ገንዘብ ይበላል። ግን ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ነርሶች ሰፈራችን ውስጥ እያሉ «ሰው ጠፋ» ሲሉኝ አልዋጥልሽ ይለኛል።

ሌላ አገር ቆጥረውታል። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ በ168 ሆስፒታሎች ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2002 የታተመ ጥናት አለ። አንድ ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ 7 በመቶ ያህል ይጨምራል ይላል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በሕግ ወስናለች፦ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ለሁለት ታካሚ አንድ ነርስ፣ ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ለአምስት አንድ። የግሉም ሆስፒታል ከዚህ አያመልጥም።

እኛስ? የግል ሆስፒታል ሠራተኛ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አሥር ከሆንን ማኅበር መመሥረት እንችላለን። አድማ ግን ለሆስፒታል ሠራተኛ አልተፈቀደም። እኔም በሽተኛ ጥዬ መውጣት አልፈልግም።

ስለዚህ የምለምነው ቀላል ነገር ነው። በየዋርዱ በር ላይ አንድ ሰሌዳ ይሰቀል። የዛሬ ማታ ታካሚ ይህን ያህል፣ ነርስ ይህን ያህል፣ ይባልበት። እናንተም ማስያዣ ከመክፈላችሁ በፊት ካሸሯን ጠይቋት። እሷ ባታውቅ አስጠርታ ታጣራላችኋለች። ሦስት አራት ቤተሰብ ከጠየቀ ወሬው ባለቤቱ ጋ ይደርሳል፤ እኛ ስንናገር ቅሬታ ነው፣ ከፋይ ሲጠይቅ ገበያ ነው።

ይቅርታ፣ ልሂድ፤ ዛሬ አዳር ተረኛ ነኝ። ሰሌዳው እስኪሰቀል እኔው ልንገራችሁ፦ ታካሚ 16፣ ነርስ ሁለት።