ቀንና ሌሊት የተምታታበት ጨቅላ

[ስክሪን ላይ፦ ጨለማ ክፍል፣ የስልክ ሰዓት]

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሰፈሩ ጭር ብሏል። የ10 ቀኑ ሕፃን ግን ዓይኑን አፍጥጦ ጣሪያ ያያል። ቀን ላይ ጠያቂ ሲገባ ሲወጣ፣ ገንፎ ሲበላ፣ ቤቱ በወሬ ሲናጥ ለጥ ብሎ የተኛው ይኸው ልጅ ነው። ምን ነካው? ምንም። ቀንና ሌሊት የሚባል ነገር ገና አያውቅም።

ሆድ ውስጥ ሳለ የእናቱን ሰዓት ይጠቀም ነበር። ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጅ በኩል ይደርሰዋል። ሲወለድ ይህ ይቋረጣል። የራሱ አካል ሜላቶኒን በሥርዓት ማመንጨት የሚጀምረው ከ2 እስከ 3 ወር ገደማ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጅን እንቅልፍ ላሠልጥን ማለት ከንቱ ድካም ነው። የሚቻለው ያ ሰዓት እስኪመጣ መንገዱን ማመቻቸት ነው።

[ስክሪን ላይ፦ 14–17 ሰዓት]

እንቅልፍ ያጣ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ3 ወር በታች ላለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። አብዛኛው ይህን ያህል ይተኛል፤ ግን ቆራርጦ። ሆዱ ትንሽ ነው፣ የእናት ጡት ወተት ደግሞ ቶሎ ይፈጫል። ቀንና ሌሊት ተደምሮ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ይፈልጋል።

[ስክሪን ላይ፦ ተኝቶ የሚቁነጠነጥ ሕፃን]

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ነው። የጨቅላ እንቅልፍ ግማሽ ያህሉ እንቅስቃሴ የበዛበት ነው። ያቃስታል፣ ፊቱን ያኮማትራል፣ እጁን ያወራጫል፣ ፈገግ ይላል። ፈገግ ሲል አያቶች «መላእክት እያጫወቱት ነው» ይላሉ። ሲያቃስት ግን ሁሉም ብድግ! ይነሳል፣ መብራት ይበራል፣ ጡት አፉ ላይ ይደረጋል። የተኛ ልጅ ቀሰቀስን ማለት ነው። አንዱ የእንቅልፍ ዙር ከ50 ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ በዙሮቹ መሀል እንዲህ ይንቆራጠጣል። ትንሽ ጠብቁት። ዓይኑን ገልጦ፣ እጁን ወደ አፉ እየወሰደ፣ ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ እያዞረ ጡት ከፈለገ እውነትም ርቦታል፤ ለቅሶ እስኪጀምር አትቆዩ። ካልሆነ ብዙ ጊዜ ራሱ ተመልሶ ይተኛል።

ወደ ብርሃን እንምጣ። እኛ ጋ የአራስ ክፍል ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል። እናቲቱን ምች እንዳይመታት፣ ልጁን ዓይን እንዳይበላው። ማረፏ ደግ ነው። ግን ቀኑን በጨለማ፣ ሌሊቱን አምፖል በርቶ የሚያሳልፍ ልጅ ከምን ይማር? ጠዋት መጋረጃውን ግለጡት። ፀሐይ ላይ ይሰጣ አልተባለም፤ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ይበቃዋል። ቀን ሲጠባ አውሩት። ቡናው ይወቀጥ፣ ሬዲዮው ይከፈት። ቀን ተኝቷል ብላችሁ አትንሾካሾኩ።

ሌሊት ተቃራኒው ነው። መብራቱ ደብዘዝ ይበል፣ ጨዋታ አይኑር፣ ስልክም አይበራ። አጥብቶ፣ አስገስቶ፣ መልሶ ማስተኛት ብቻ። ካካ ከሌለው ወይም በጣም ካልራሰ ለዳይፐር ብላችሁ አትቀስቅሱት። የጡት ወተትም ያግዛል፤ ሌሊት በሚመነጨው ውስጥ ሜላቶኒን አለ፣ በቀኑ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ውጭ አገር ወደ ሥራ ለመመለስ ወተት ከሚያልቡ እናቶች መካከል ጠርሙሱ ላይ ሰዓት ጽፈው የሌሊቱን ለሌሊት የሚያስቀምጡ አሉ።

እሹሩሩ ማለትስ፣ ማቀፍስ? «ይለምድብሻል» እያሉ አራስ የሚያስፈራሩ ሞልተዋል። አትስሟቸው። በዚህ ዕድሜ ዕቅፍ ልጅ አያበላሽም። 2 ወር ሲሞላው ግን አንዳንዴ ጭልጥ ብሎ ሳይተኛ፣ ዓይኑ ከበድ ሲለው፣ መኝታው ላይ አድርጉት።

[ስክሪን ላይ፦ በጀርባው የተኛ ሕፃን፣ ትራስ የሌለው ፍራሽ]

ይቺ ግን ድርድር የላትም። ቀንም ሌሊትም በጀርባው ይተኛ። «ቢያስመልሰው ይታነቃል» የሚል ፍርሃት አለ። በጀርባው ሲተኛ ግን የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን ወተቱ ሽቅብ ወደ ሳንባ መግባት ይከብደዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ይህን መምከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የሕፃናት ሞት እዚያ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ፍራሹ ጠንከር ያለና ደልዳላ ይሁን። ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት ይውጣ። ክፍሉ የእናቱ፣ መኝታው የራሱ ይሁን። ሶፋ ላይ ሕፃን ታቅፎ ማንቀላፋት በተለይ አደገኛ ነው። ክረምት ላይ «ቤቱ ይሙቅ» ተብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማስገባትም እንዲሁ። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

እንቅልፍ እንዲወስደው ቅቤ ማስላስ፣ የአብሽ ውሃ፣ ስኳር ውሃ? ይቅርበት። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ።

ለቅሶው ወደ 6ኛው ሳምንት ይብሳል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። እስከዚያው አባት ጡት ባይኖረውም ማስገሳትና ዳይፐር መቀየር ይችላል። ጠያቂም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ባይመጣ ይመረጣል።

ጭራሽ አልነቃ የሚልም ሕፃን አለ። የተወለደበትን ክብደት እስኪመልስ ድረስ 4 ሰዓት ሳይጠባ አይለፈው፤ ቀስቅሳችሁ አጥቡት። መጥባት እምቢ ካለ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ካተኮሰ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። በዚያው ሌሊት ሐኪም ይየው።