ጋዝ ከሸተታችሁ እጣኑን ተዉት፣ ውጡ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምናወራው ቤታችን ውስጥ በቧንቧ ስለሚገባው ጋዝ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ዲሲ ያላችሁ፣ ስቶቫችሁ በሰማያዊ እሳት የሚሠራ ከሆነ ይሄ ለእናንተ ነው። ቤዝመንት የተከራያችሁ ደግሞ በደንብ አዳምጡኝ። የውሃ ማሞቂያው ብዙ ጊዜ እናንተ ጋ ነው።

ከሽታው እንጀምር። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም። ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። በማርች 18፣ 1937 ቴክሳስ ውስጥ ኒው ለንደን በሚባል ቦታ አንድ ትምህርት ቤት ፈነዳ። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ጋዙ ሕንፃው ውስጥ ሲጠራቀም ማንም አልሸተተውም። ሽታ መጨመር በሕግ ግዴታ እየሆነ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ይቺን ያዙልኝ። የዶሮ ወጥ ቁሌት አስቡ። ሽንኩርቱ በስሏል፣ በርበሬው ገብቷል፣ ቅቤው ገብቷል፣ እናንተ ቆማችሁ ታማስላላችሁ። ሰዓት ካለፈ በኋላ ቁሌቱ ይሸታችኋል? አይሸታችሁም። እንግዳው ግን ገና ከሊፍት ሲወርድ ያውቀዋል። በማግስቱ ሥራ ስትሄዱ ባቡር ላይ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ያውቀዋል። ካፖርታችሁ ያውቀዋል! እናንተ ብቻ አታውቁም። ሽታው የትም አልሄደም፣ አፍንጫችሁ ነው የለመደው። የጋዝ ሽታም ልክ እንደዚሁ ነው። «ቅድም ሸቶኝ ነበር፣ አሁን ጠፋ፣ ሰላም ነው» የሚባል ነገር የለም። አንዴ ከሸተታችሁ፣ ሸቷችኋል። ያን ጊዜ ከውጭ እንደሚገባው እንግዳ አስቡ እንጂ ወጥ እንደሚያማስለው ሰው አታስቡ።

ደግሞ የኛ ነገር አለ። ቤት ውስጥ መጥፎ ሽታ ሲመጣ እጃችን ወዴት ይሄዳል? ወደ እጣን። ክብሪት ይጫራል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ጢሱ ይወጣል። እባካችሁ፣ የሸተታችሁ ምን እንደሆነ ሳታውቁ ክብሪት አትጫሩ።

ቴክኒኩን ቶሎ ልበለው። ጋዙ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ከ5 እስከ 15 በመቶ ከደረሰና ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። የአሜሪካ ሕግ 1 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ሽታው እንዲታወቅ ያስገድዳል። እናንተ የቆማችሁበት 1 በመቶ ቢሆን ታች የማሞቂያው ክፍል ስንት እንደደረሰ ግን አታውቁም። ስለዚህ መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፤ ማብሪያ ማጥፊያው በሁለቱም ብልጭ ሊል ይችላል። ፋን አታስነሱ። ጋራዥ ያለውን መኪና አታስነሱ። ቤት ውስጥ ሆናችሁ አትደውሉ። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ ራቅ በሉ፣ ከዚያ ደውሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ባለፈው ቪዲዮ ሥር በጣም ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ጽፋችኋል። «ጋዝ ከባድ ነው፣ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፣ በሩን ከፍቶ በመጥረጊያ ወደ ውጭ መግፋት ነው፣ እናቴ እንደዚያ ነው ያስተማረችኝ።» እናታችሁ ስለ ከባድነቱ ልክ ናቸው። እሳቸው የሚያውቁት የሲሊንደር ጋዝ ነው። አዲስ አበባ በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። እዚህ በቧንቧ የሚመጣው ግን አብዛኛው ሚቴን ነው፣ ከአየር ይቀላል፣ ወደ ላይ ይወጣል። እናንተ ወለሉን ስትጠርጉ እሱ ኮርኒሱ ሥር ተጠራቅሟል። በደረጃው አልፎ ፎቅ ላይ የተኛው ልጅ ክፍል ሊደርስም ይችላል። የሲሊንደርም ይሁን የቧንቧ፣ ለመጥረግ ብሎ ቤት ውስጥ መቆየት አያስፈልግም።

የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ ስትገዙም ይሄው ነው። ለሚቴን ከሆነ ከፍ አድርጋችሁ ኮርኒሱ አጠገብ ስቀሉት። ለሲሊንደር ጋዝ ከሆነ ወደ ወለሉ ዝቅ ይላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ጋዝ ሲያፈስ አይጮህም። ቤት ውስጥ ከሰል ለምታቀጣጥሉ ቡና አፍይዎች በእሱ ላይ ሙሉ ቪዲዮ ይመጣል፣ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ።

አሁን ስለ ሰፈራችን። በኦገስት 10፣ 2016 ሌሊት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፍላወር ብራንች የሚባሉት አፓርትመንቶች ፈነዱ። 7 ሰዎች ሞቱ። የፌዴራል መርማሪዎች መነሻውን ሕንፃው ውስጥ ካለ የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያ አገኙት፤ ትርፍ ጋዙን ወደ ውጭ የሚያወጣው ቱቦ አልተገጠመም ነበር። በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ ከፍንዳታው ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ አንድ ነዋሪ ጋዝ ሸተተኝ ብሎ ደውሏል። እሳት አደጋዎች መጡ፣ ፈለጉ፣ ምንም አላገኙም፣ ሄዱ። ለጋዝ ኩባንያው ግን አልተነገረም። ስለዚህ እኔ የምላችሁ ሁለቱም ጋ ደውሉ ነው። 911ም፣ የጋዝ ኩባንያው የአደጋ ቁጥርም። ነገ ደግሞ ከሸተታችሁ ነገም ደውሉ። ሰው አስቸገርኩ ብላችሁ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ስቶቭ ጎትታችሁ ከኋላ ስታጸዱ ተጣጣፊውን ቱቦ እዩልኝ፤ የቆየ የነሐስ ቱቦ ከሆነ አትንኩት፣ ባለሙያ ይቀይረው። ዋናው ቫልቭ ከተዘጋ በኋላም ራሳችሁ አትክፈቱት።

በመጨረሻ፣ ከአገር ቤት እማማ ወይ አባባ ልጅ ሊይዙላችሁ መጥተው ከሆነ፣ ቀን ቀን ቤት የሚውሉት እነሱ ናቸው። ልጁን ይዘው እንዲወጡ፣ ጎረቤት እንዲያንኳኩ፣ 911 ደውለው «ጋዝ ስሜል» እና «አምሃሪክ» እንዲሉ አለማምዷቸው። የቤቱን አድራሻ በትልቁ ጻፉና በሩ አጠገብ ለጥፉላቸው፤ ሲወጡ ነቅለው ይዘውት እንዲሄዱ።