«አንተ የማን ነህ?»፦ ሜሪላንድ ውስጥ ለሪል ኢስቴት ላይሰንስ ለምትዘጋጁ

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ። ብዙዎቻችሁ ቀጥታ ከስራ ነው የመጣችሁት፣ ኡበሩን ውጪ አቁሞ የገባም አይቻለሁ፣ ስለዚህ ስልሳ ሰዓት ክላስ ላይ የሰማችሁትን አልደግምም። እኔን ስለጣለኝ ነገር ነው የማወራችሁ።

ላይሰንሴን ያገኘሁ ቀን አዲስ አበባ እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ ፈተናውን አለፍኩ፣ ቤት ማሻሻጥ ልጀምር ነው» ስላት ትንሽ ዝም አለችና «ደላላ ሆንክ በለኛ» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ምን እንደነበር ታውቁታላችሁ። ያኔ ተናደድኩ፣ አሁን ሳስበው ግን እማዬ ሳታውቀው የፈተናውን ግማሽ ነው የነገረችኝ።

ደላላን ልሰድብ አይደለም። አገር ቤት ደላላ ባይኖር ስንቱ ቤት አይከራይም ነበር። ግን የደላላ ስራ ምንድነው? ሁለት ሰው ማገናኘት። መሀል ነው የሚቆመው፣ ከዚህም ይቀበላል ከዚያም ይቀበላል፣ «አንተ የማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። እዚህ አገር ህጉ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከሰው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀጣጥረህ ፊት ለፊት ስትገናኝ የምትሰጠው የስቴቱ ፎርም አለ፣ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሪል ኢስቴት ኤጀንቶች ማንን እንደሚወክሉ መረዳት» ነው። ማንን! ከቤቱም ከዋጋውም በፊት ማለት ነው።

ፈተናው ሁለት ክፍል እንዳለው ታውቃላችሁ፣ ናሽናሉ 80 ጥያቄ፣ የስቴቱ 30፣ ማለፊያው በሁለቱም 70 ፐርሰንት። እኔ ናሽናሉን አልፌ ስቴቱን በሁለት ጥያቄ ወደቅኩ። አንዱ ጥያቄ እስካሁን አይረሳኝም፣ የሻጩ ኤጀንት ነህ፣ ገዢው መጥቶ «ሻጩ ዝቅ ቢል ስንት ይቀበላል?» አለህ፣ ምን ታደርጋለህ ይላል። እኔ ምን መረጥኩ? «ስምምነቱ እንዳይበላሽ እነግረዋለሁ» የሚለውን። የደላላ መልስ! ሁለቱንም ማስታረቅ ደግ ስራ መስሎኝ። ለካ የሻጩን ምስጢር ነው የሸጥኩት።

ለክላየንታችሁ፣ ማለትም ለምትወክሉት ሰው፣ ያለባችሁን ግዴታ በእንግሊዝኛ «ኦልድ ካር» ብለው በፊደሎቹ ያስታውሱታል፣ አሮጌ መኪና ብላችሁ ያዙት። ህጋዊ ትእዛዙን መፈጸም፣ ታማኝነት፣ የምታውቀውን ለሱ መንገር፣ ምስጢር መጠበቅ፣ የያዝከውን ገንዘብ ማሳወቅ፣ በጥንቃቄ መስራት። ክላየንት ያልሆነው ሰው ደግሞ ከስተመር ይባላል፣ እሱን አትዋሸውም፣ ስለ ቤቱ የምታውቀውን ዋና ችግር አትደብቀውም፣ ግን ጠበቃው አይደለህም። ይቺ ልዩነት ብቻዋን ስንት ጥያቄ እንደምትመልስ ልነግራችሁ አልችልም።

ከነዚህ ውስጥ እኛን የሚከብደን ምስጢሩ ነው። ለምን? ሁላችንም እንተዋወቃለን! ገዢህ የሚስትህ የአክስት ልጅ ናት፣ ሻጩ ልጅህን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ አንዷ «እነ እንትና ቤት ገዙ አሉ፣ ስንት ነው የገዙት?» ትልሃለች። ዋጋው ከተመዘገበ በኋላ ማንም ኦንላይን ያየዋል፣ እሱ ችግር የለውም። ግን ስንት ብድር ተፈቀደላቸው፣ ለምን ቸኮሉ፣ ሊፋቱ ነው እንዴ፣ ዳውን ፔይመንቱን ማን ሰጣቸው፣ እነዚህ ከአፍህ አይወጡም፣ ክሎዚንግ፣ የመጨረሻው ፊርማና ርክክብ፣ ካለቀ በኋላም አይወጡም። «አላውቅም» ብለህ መዋሸት አይጠበቅብህም፣ «ስራዬ ስለሆነ አላወራም» በላት። ትቀየምህ ይሆናል፣ ቤቷን ስትሸጥ ግን የምትጠራው አንተን ነው።

እሺ፣ «ሁለቱንም ብወክልስ?» የምትሉ አላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ኤጀንት ብቻውን በአንድ ሽያጭ ሻጩንም ገዢውንም መወከል አይችልም። ሁለቱም ወገን የአንድ ብሮከር (ኤጀንቶች በስሩ የሚሰሩለት ኃላፊ) ክላየንት ከሆኑና በጽሁፍ ከተስማሙ ብሮከሩ ዱዋል ኤጀንት፣ የሁለቱም ወኪል፣ ሆኖ ለሻጩ አንድ፣ ለገዢው ሌላ ኤጀንት ይመደባል። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ህጉ ይለያል፣ እዚያ በጽሁፍ ፈቃድ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ የሚሰራ ጓደኛህ የነገረህን ሲልቨር ስፕሪንግ አምጥተህ አትመልስ።

ከኦገስት 17፣ 2024 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሪል ኢስቴት ኤጀንቶች ማህበር የቀረበበትን ክስ በስምምነት ከጨረሰ በኋላ ማለት ነው፣ ገዢን ቤት ከማሳየትህ በፊት የጽሁፍ ስምምነት ማስፈረም አለብህ፣ የሚከፈልህም በግልጽ ተጽፎ። እዚህ ጋ ሀበሻ ገዢ ይቀየማል፣ «ወንድሜ እንዴ፣ አታምነኝም?» ይላል። ቃል የእምነት እዳ ነው ብለን ነው ያደግነው። ግን እሱም ቢሆን አገር ቤት ቤት ሲገዛ ውልና ማስረጃ ሳይሄድ ብር አይቆጥርም፣ እሱን አስታውሱት። እዚህም የቤት ሽያጭ ውል በጽሁፍ ካልሆነ ፍርድ ቤት አያስፈጽመውም፣ ስታቹት ኦፍ ፍሮድስ የሚሉት እሱ ነው።

ኮሚሽን ስንት ነው ሲሏችሁ ደግሞ «የተለመደው ይህን ያህል ነው» አትበሉ። የተለመደ የሚባል የለም፣ በድርድር ነው። ሁለት የተለያየ ድርጅት ብሮከሮች ቁጭ ብለው «ሁላችንም ይህን ያህል እንጠይቅ» ቢሉ በ1890 የወጣው፣ ተመሳጥሮ ዋጋ መወሰንን የሚከለክለው የሸርማን ህግ ይመጣባቸዋል። ሂሳቡን ፈተና ላይ እንዲህ ያመጡታል፣ 500,000 ዶላር የተሸጠ ቤት፣ ያንተ ወገን 2.5 ፐርሰንት፣ ከብሮከርህ ጋር 70 ለ30፣ ስንት ደረሰህ? 12,500 ይሆንና ከሱ 70 ፐርሰንት 8,750። ብሩም ከብሮከርህ እጅ ብቻ ነው የምትቀበለው፣ ክላየንቱ ደስ ብሎት በፖስታ ቢሰጥህም አትቀበልም።

አሁን ፌር ሀውዚንግ፣ በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ አድልዎን የሚከለክለው ህግ፣ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስራ ከጀመርን በኋላ አብዛኞቻችን ሳናውቅ የምንሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ኤፕሪል 4፣ 1968 ተገደለ፣ ህጉ የተፈረመው በሳምንቱ ኤፕሪል 11 ነው። መጀመሪያ ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖትና የመጡበት አገር ነበር፣ በ1974 ጾታ ተጨመረ፣ በ1988 አካል ጉዳትና ልጅ ያለው ቤተሰብ። ሜሪላንድ ደግሞ የራሱን ይጨምራል፣ የጋብቻ ሁኔታ አለ፣ የገቢ ምንጭም አለ፣ ማለትም ኪራዩን በመንግስት ቫውቸር የሚከፍለውን በዚያ ምክንያት ብቻ እምቢ ማለት አይቻልም።

እና ምን ይከሰታል፣ ቤት ፈላጊ እህታችን ትደውልና «ሀበሻ የሚበዛበት ሰፈር ፈልግልኝ፣ ጥቁር የሚበዛበት እንዳይሆን» ትልሃለች። ሳቃችሁ፣ ግን ሰምታችሁታል። አንተ በቅንነት «እሺ እዛ ሰፈር ውሰጂ፣ ከዚህኛው ራቂ» ካልክ ስቲሪንግ ነው፣ ሰውን በዘር ወደ አንድ ሰፈር መምራት ማለት ነው፣ ላይሰንስህን ያስነጥቃል፣ በአማርኛ ስለተባለ ህጉ አይላላም። መጠየቅ የምትችለው ስንት መኝታ፣ ስንት ብር፣ ከስራ ስንት ደቂቃ ነው። እሷ ራሷ ሰፈሩን በስም ከጠራችልህ ታሳያታለህ። ሻጩም «ለሀበሻ ብቻ ሽጥልኝ» ካለህ፣ ኦልድ ካር ላይ መጀመሪያ ያልኳችሁ ትእዛዝ ህጋዊ ትእዛዝ ነው፣ ይሄ አይደለም፣ አትታዘዝም። እስቲ ደግሞ ፌስቡክ ግሩፖቻችንን እዩ፣ «ቤዝመንት የሚከራይ፣ ለሀበሻ ብቻ»። ባለቤቱ እዛው ቤት ቢኖርም እንኳ እንደዛ ብሎ ማስተዋወቅ አይፈቀድለትም፣ አንተ ደግሞ ላይሰንስ ይዘህ ሼር ካደረግክ... በቃ አታድርግ። ማስታወቂያህ ቲክቶክም ላይ ይሁን የብሮከርህ ድርጅት ስም መታየት አለበት።

ሌላ የኛ ጥያቄ «ቤቱ ውስጥ ሰው ሞቶበታል?» ነው። ጸበል ማስረጨት የሚፈልግ አለ፣ መብቱ ነው። በሜሪላንድ ህግ ሞትም ይሁን ራስን ማጥፋት፣ ግድያም ቢሆን፣ እንደ ዋና የቤቱ ጉድለት አይቆጠርም፣ የመናገር ግዴታ የለብህም። ጣሪያው ማፍሰሱን ብታውቅ ግን ያ ሌላ ነው። ከ1978 በፊት የተሰራ ቤት ከሆነ የሊድ (እርሳስ ያለበት) ቀለም ማሳወቂያ ወረቀቱ አይቀርም፣ ገዢው ለማስመርመር አስር ቀን ያገኛል።

አማርኛችን የሚጠቅመን ቦታም አለ። ሁላችንም «ባንኩ ሞርጌጅ ሰጠኝ» እንላለን አይደል፣ ከዛ ፈተናው «ሞርጌጀሩ ማነው?» ሲል ባንኩ እንላለን፣ ኤክስ! ባንኩ የሰጠህ ብድር ነው። ሞርጌጅ ማለት መያዣ ነው። መያዣውን ማን ሰጠ? አንተ፣ ቤትህን አስያዝክ። ስለዚህ ሰጪው፣ ሞርጌጀሩ፣ ተበዳሪው ነው። መያዣ በሉት፣ ሁለተኛ አትሳሳቱም። እዚህ ስቴት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚፈረመው ዲድ ኦፍ ትረስት ነው፣ በመሀል ሶስተኛ ሰው፣ ትረስቲ፣ አለ።

የባልቲሞር ግራውንድ ሬንትም፣ የመሬት ኪራዩ፣ ከማንም በላይ ለኛ ይቀላል። አሜሪካኖቹ ክላስ ውስጥ ግራ ገብቷቸው «እንዴት ቤቱ የኔ ሆኖ መሬቱ የሌላ ሰው ይሆናል?» ሲሉ እኔ ዝም ብዬ ነበር የማያቸው። እንዴ፣ አገር ቤት መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ በኛ አቆጣጠር በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ የሚሰጠው 99 ዓመት ነው። ባልቲሞርም 99 ዓመት! ልዩነቱ እዚህ ያለማቋረጥ ይታደሳል፣ ባለመሬቱም መንግስት ሳይሆን የግል ሰው ነው፣ በዓመት ሁለቴ ትንሽ ብር ትከፍለዋለህ። ከኤፕሪል 8፣ 1884 በኋላ የተፈጠረ ከሆነ የቤቱ ባለቤት ገንዘቡን ከፍሎ መሬቱን ጠቅልሎ መግዛት ይችላል፣ ያቺን ቀን ያዟት። ቤት ስታሳዩም መጀመሪያ መዝገቡን እዩ፣ ገዢው ከፈረመ በኋላ መስማት የለበትም።

መንግስት ለህዝብ ጥቅም ብሎ መሬት የሚወስድበትን ኤሚነንት ዶሜይንን ግን በኛ አቆጣጠር ከ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ጋር እንዳታምታቱት። ቤታችሁ የተወረሰባችሁ ልጆች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እዚህ ተገቢ ካሳ መክፈል ህገ መንግስታዊ ግዴታ ነው፣ መልሱ ውስጥ «ካሳ» የምትል ቃል ከሌለች ተጠራጠሩ።

ገንዘብ ላይ ሁለት ነገር ልበልና ልጨርስ። አንደኛ ዕቁብ። ክላየንትህ 30,000 ዶላር ዕቁብ ደርሶት በካሽ ይዞ ባንክ ይከታል፣ በወሩ ሎን ኦፊሰሩ የሁለት ወር ስቴትመንት ያይና «ይሄ ከየት መጣ?» ይላል። ዕቁብ ወንጀል አይደለም፣ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ገና ቤት መፈለግ ሲጀምር ከሎን ኦፊሰር ጋር አገናኘው፣ ቀድሞ ይነጋገርበት። አንተ «ዝም በል፣ የአጎትህ ስጦታ ነው ብለህ ደብዳቤ እንጻፍ» ካልክ ለባንክ የተጻፈ ውሸት ነው፣ የፌደራል ህጉ እስከ 30 ዓመት እስርና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። እኖርበታለሁ ብሎ ፈርሞ በማግስቱ ማከራየትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

ሁለተኛ፣ «ገዢ ካመጣሁልህ ስንት ትሰጠኛለህ?» የሚል ወዳጅ። ላይሰንስ ለሌለው ሰው ከኮሚሽን መክፈል አይቻልም። በቃ። ታይትል ካምፓኒው (የቤቱን ባለቤትነት የሚያጣራው) ወይ ሎን ኦፊሰሩ ሰው ስለላክህለት ብር ቢሰጥህም ሬስፓ የሚባለው የፌደራል ህግ ይከለክላል፣ እስከ 10,000 ዶላርና አንድ ዓመት እስር አለው። ለወዳጅህ ምሳ ጋብዘው፣ የሚያመጣልህ ሰው ብዙ ከሆነ ደግሞ መጥቶ እዚህ ክላስ ይመዝገብ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ስም! ፈተና ጣቢያ ስትሄዱ የተመዘገባችሁበት ስምና መታወቂያችሁ ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። አብሮኝ የተማረ ልጅ ስሙ ገብረ ብሎ የሚጀምር ነው፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ግማሹ ሚድል ኔም ሆኗል፣ ሲመዘገብ ደግሞ አንድ ላይ ነው የጻፈው፣ ስልሳ ሰዓት ተምሮ ስንት ሌሊት አንብቦ ከበር መለሱት። ወልደ፣ ኃይለ፣ ገብረ የሆናችሁ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ መንጃ ፈቃዳችሁን አውጡና ፊደል በፊደል አስተያዩት።

በሉ ጥያቄ። አንቺ ከኋላ ያለሽው፣ እጅሽ ከግራውንድ ሬንቱ ጀምሮ ተነስቷል፣ ቀጥዪ።