አንድ ሲሙሌሽን፣ ሁለት ፋይል

እንደምን ዋላችሁ? ከደሴ ነው የመጣሁት። ሐረጎን ስወርድ ጆሮዬ ተደፍኗል፣ ድምፄ ከጮኸባችሁ ይቅርታ።

ኮምቦልቻ ድረስ የጠራችሁኝ ስለ ፈሳሽ ሲሙሌሽን፣ ማለትም የውሃና የአየር ፍሰትን በኮምፒውተር ስለ ማስላት፣ እንዳወራ ነው። እኔ ግን የማወራው ሲሙሌሽኑ ካለቀ በኋላ ስለሚወጣው ፋይል ነው፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነዋ።

ተማሪ እያለሁ የታጠፈ የውሃ ቧንቧ ፍሉዌንት በሚባለው የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ሠርቼ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላ አደረ፣ መብራት እንዳይጠፋ ያልተሳልኩት የለም። ጠዋት ፍጥነቱን ኤክስፖርት አድርጌ ለአማካሪዬ ላክሁ። ከሰዓት ለግራፍ ብዬ ያንኑ ድጋሚ አወጣሁ። ቁጥሮቹ አይገጥሙም። የረድፉ ብዛት እንኳ ይለያያል! ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እንደ ጅል ሲሙሌሽኑን ከዜሮ አስነሳሁት። ሁለት ሌሊት ሄደ፣ ውጤቱ ያው።

ጉዱ የወጣው ፋይሎቹን በኖትፓድ ከፍቼ የመጀመሪያዋን መስመር ሳነብ ነው። አንዱ «ሴልነምበር» ይላል፣ ሌላው «ኖድነምበር»። በቃ፣ ይችው ናት። ለሲሙሌሽኑ ቧንቧው ሴል በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ይከፋፈላል፣ የሴሎቹ ማዕዘን ደግሞ ኖድ ይባላል። ፍሉዌንት የሚያሰላው በየሴሉ መሃል ላለች ነጥብ ነው፤ ኖድ ላይ አውጣልኝ ስትሉት በዙሪያዋ ካሉት ሴሎች አማካይ ወስዶ ይሰጣችኋል። ሶፍትዌሩ አልዋሸም፣ እኔ ነኝ ጠዋትና ከሰዓት የተለያየ ነገር የጠየቅሁት። መለያው ደግሞ ቀላል ነው። የማይንቀሳቀስ ግድግዳ ላይ ያለውን ረድፍ እዩ። ኖድ ከሆነ የውሃው ፍጥነት ዜሮ ነው፤ ሴል ከሆነ ግን መሃሉ ከግድግዳው ፈቀቅ ስለሚል ትንሽም ብትሆን ቁጥር ታገኛላችሁ።

ኦፕንፎም የሚባለውን ሌላ የሲሙሌሽን ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ደግሞ «ራይትፕሪሲዥን» የምትባለዋን፣ ፋይሉ ላይ ስንት አሃዝ እንደሚጻፍ የምትወስነዋን፣ እዩልኝ። ካልነካችኋት 6 ናት፤ ከነጥብ በኋላ 6 ሳይሆን በጠቅላላው 6 አሃዝ። ግፊቱ 101325.37 ፓስካል ቢሆን ፋይሉ ላይ 101325 ብቻ ይጻፋል፣ ከአንድ ፓስካል በታች ያለው ልዩነት ተበላ ማለት ነው። ይባስ ብሎ መብራት ሄዶ ካቆመበት ስታስቀጥሉት የሚነሳው ከዚያው ከተቆረጠው ቁጥር ነው። እኛ አገር ይሄ ቀልድ አይደለም። 12 አድርጓት፣ ወይም በባይነሪ ጻፉ።

ግፊት ካነሳን አይቀር፣ ኦፕንፎም ውስጥ ውሃ ሲሠራ በብዛት የሚወጣው ግፊት በእፍጋት የተካፈለ ነው። ከፍሉዌንቱ ጋር ስታነጻጽሩት አንድ ሺህ እጥፍ ቢያንስ አትደንግጡ። ፍሉዌንት በበኩሉ የሚሰጣችሁ ከመነሻ ግፊቱ በላይ ያለውን ነው፣ መነሻው ካልቀየራችሁት 101325 ፓስካል። እሱ የባሕር ወለል ነው እንግዲህ! ኮምቦልቻ ከባሕር በላይ ወደ 1,850 ሜትር ነው፣ የአየሩ ግፊት 81,000 ፓስካል አካባቢ። አየር የምትሠሩ ልጆች ይቺን ከዘነጋችሁ ያሰላችሁት የጅቡቲን አየር ነው።

ሌላው፣ ሥራውን በብዙ ፕሮሰሰር ከከፋፈላችሁት የረድፉ ቅደም ተከተል ሊቀያየር ይችላል፤ በክፍሎቹ ድንበር ላይ ያሉ ነጥቦችም ሁለቴ ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ረድፍ 500ን ከረድፍ 500 ጋር አታስተያዩ። መጀመሪያ በነጥቦቹ ቦታ፣ ማለትም በኤክስ፣ በዋይ፣ በዜድ ደርድሯቸው። ኤክሴልን ደግሞ ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አትጫኑት፣ ትርፉን ይጥለዋል።

ሰዓቱንም ቢሆን አረጋግጡ። የጊዜ እርምጃው፣ ማለትም ሲሙሌሽኑ በአንድ ስሌት ወደፊት የሚሄደው ጊዜ፣ ራሱን የሚያስተካክል ከሆነ «በ2 ሰከንድ» ያላችሁት ፋይል አንዴ 2.003 ላይ፣ አንዴ 2.0007 ላይ ተጽፎ ይሆናል። ኦፕንፎም ላይ «አድጀስተብል ራንታይም» ስትመርጡ እርምጃውን አሳጥሮ ልክ 2 ላይ ይጽፍላችኋል።

ላፕቶፔ እዚህ አለ። አልገጥም ያላችሁን ፋይል በፍላሽ የያዛችሁ ካላችሁ ወደፊት ኑ፣ የመጀመሪያዋን መስመር አብረን እናንብባት።