ስሙን ብትጠይቀው ኖሮ

ውድ የፊልም ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ። ዛሬ የምናየው «ቶፕ ሃት» በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ዳይሬክተሩ ማርክ ሳንድሪች ነው፤ ዘፈኖቹን የደረሰው ኧርቪንግ በርሊን። ጄሪንና ዴልን ሆነው የሚጫወቱትን ሁለቱን የዳንስ ኮከቦች፣ ፍሬድ አስቴርንና ጂንጀር ሮጀርስን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም።

ጄሪ አሜሪካዊ ዳንሰኛ ነው። ለንደን ውስጥ፣ በወዳጁ በሆራስ የሆቴል ክፍል፣ በእኩለ ሌሊት ወለሉን በጫማው ይደበድበዋል። ከታች የተኛችው ዴል ተናዳ ትመጣለች። እሱ እዚያው በፍቅሯ ክንፍ ይላል። ተመልሳ ስትተኛ ወለሉ ላይ አሸዋ በትኖ፣ እግሩን ቀስ እያሻሸ እሹሩሩ ይላታል።

በማግስቱ ዝናብ መናፈሻ ውስጥ አንድ ጣራ ሥር ያገናኛቸዋል። እሱ ይራመዳል፣ እሷ ትደግማለች። እሱ ያከብዳል፣ እሷ አትቀርም። ሲጨርሱ ይጨባበጣሉ። ስም ግን የለም!

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዴል የጓደኛዋ የማጅ ባል ሆራስ ለንደን እንዳለ ትሰማለች፤ አይታው ግን አታውቅም። የሆቴሉ ሠራተኛ ቦርሳና ከዘራ የያዘው ሰውዬ ነው ይላታል። ቀና ስትል፣ የሆራስን ቦርሳና ከዘራ ይዞለት የቆመው ጄሪ ነው። አለቀ፤ የማጅ ባል እሱ መሰላት። ከዚያ በኋላ ጥፊ ነው።

ስሙን ለምን አትጠይቀውም? መጀመሪያ ሳየው እኔም በዚህ በግኜ ነበር። ኋላ ግን ታሪኩ ቬኒስ ሲደርስ ማጅን አየሁና ተውኩት። ማጅ ሁለቱን ልታጣምር ቆርጣለች። እንዲደንሱ ትገፋፋለች፣ እንዲያውም ጠጋ በሉ ትላቸዋለች። አሁን በዴል ዓይን እዩት። ሚስቲቱ፣ ያውም የልብ ጓደኛዋ፣ ባሏን አቅፊው እያለቻት! የዴልን ፊት ተመልከቱ። ጂንጀር አንድ ቃል ሳትናገር ታፍራለች፣ ግራ ትጋባለች፣ ደግሞ ደስ ይላታል። በኔ እምነት የፊልሙ ምርጥ ቦታ ይኸው ነው። አፍ የሸሸገውን እግር ያወጣዋል።

በነገራችን ላይ ቬኒሱ ቬኒስ አይደለም። ሆሊውድ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው፤ የቦዩ ውኃ እንኳ ጥቁር ቀለም ተነክሯል። የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስለነበር፣ ኪሱ የሳሳው ተመልካች ይህን ሁሉ ምቾት በትኬት ዋጋ ጎበኘው።

መጨረሻውን አልነግራችሁም። ቤትስ የሚባለውን የሆራስን አሽከር ብቻ በዓይናችሁ አትልቀቁት፤ ልብሱን በቀየረ ቁጥር ነገር አለ።

አንድ የቤት ሥራም አለኝ። የጂንጀር ቀሚስ የሰጎን ላባ ነው። ልምምድ ላይ ላባው እየበነነ አስቴርን አናድዶታል፤ ኋላ «ላባዎች» እያለ ይጠራት ጀመር። ሲደንሱ መሬት የሚወርድ ላባ ያየ እጁን ያውጣ።

በሉ፣ መብራቱን አጥፉልን።